ፀሐይ የበላውን የምትጠግነው ፋዲላ

ሸዋሮቢት ላይ የባጃጅ ሸራ ሁለት ዓመት አይሞላውም። ፀሐይ ይበላዋል። ከሩቅ ስታዩት ደህና ይመስላል፤ በጣታችሁ ስትነኩት ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረካከሳል። ያን ጊዜ ባጃጅ ያለን ሁሉ የምንሄደው ወደ ፋዲላ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከቤቷ በር ፊት በተሠራ የቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትውላለች።

ፋዲላ ሌሎች ሰፊዎች እንደሚያደርጉት ቀዳዳ ላይ እራፊ አትለጥፍም። መጀመሪያ ዐይኗን ጨፍና ትዳስሳለች፤ የሳሳው አልቆ ጤነኛው የሚጀምርበትን ጠርዝ ጣቷ እስኪያገኘው። ከዚያ በግራ አንዴ፣ በቀኝ አንዴ ትቆርጥና መሐሉን አውጥታ ትጥለዋለች። የጠፋውን መስመርና አበባ ደግሞ ከወዲያኛው ጎን አይታ ትመልሰዋለች፤ የባጃጅ ሸራ ግራና ቀኙ አንድ ነውና። አንድ ቀን ጣት ለማታህል ቀዳዳ ስንዝር ሙሉ ስትቆርጥብኝ ጮኽኩ።

«ኧረ ፋዲላ፣ ባጃጄን ራቁቷን ልታስቀሪያት ነው?»

«ጋሼ ወርቁ፣ በሞተ ጨርቅ ላይ የገባ ክር መልሶ ይቀደዋል። ይልቅ አርፈው ይቀመጡ» አለችኝ።

ከቤቷ በር ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከመጋረጃው ወዲያ ልጇ ፈሪሃ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፀሐይ ሳለ አትወጣም።

ፈሪሃ ስትወለድ ፋዲላ እንደ አገሩ እናት ሁሉ ቅባት ቀብታ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሞቀቻት። አጥንቷ እንዲጠና ነው። በሁለተኛው ሳምንት የሕፃኗ ፊት ቀላ፣ አበጠ፣ ውሃ ቋጠረ። ጎረቤቱ ሁሉ «ምች ነው» አለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባች። ቀለል ሲላት ደግሞ ተመልሳ ወደ ፀሐይ። ሲያብጥ ዳማከሴ፣ ሲጎድል ፀሐይ፣ እንዲሁ ሲሉ ዓመቱ አለቀ። በሦስት ዓመቷ ፊቷ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ መሰለ፤ ብርሃን ዐይኗን ይወጋት ጀመር። በስድስት ዓመቷ አፍንጫዋ ላይ የበቀለው ነገር አዲስ አበባ ላይ ተቆርጦ ወጣ። ካንሰር ነበር።

እዚያ ዶክተር ሳምራዊት የሚባሉ ሐኪም ወረቀት አውጥተው ለፋዲላ የተጠማዘዘ መሰላል ሣሉላት። ዲኤንኤ ነው፤ ሰውነታችን የሚሠራበት ጽሑፍ፣ ሁለት ክር ሆኖ ፊት ለፊት የተያያዘ። ፀሐይ ሲመታን ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎች ይጣበቃሉ። በእኔም በእናንተም ገላ፣ በየቀኑ! ታዲያ ሁላችን እንደ ፈሪሃ ያልሆንነው ለምንድን ነው? መቀስ ስላለን ነው።

ፋዲላ ይህን ስትነግረኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። መቀስ! ያውም ሁለት! ኢንዛይም ይሏቸዋል። የተበላሸው ቦታ ላይ ሁለቱ ክሮች ይከፈታሉ። አንደኛው መቀስ ቀድሞ ይደርስና ቦታውን ይይዛል፤ ግን አይቆርጥም፣ ይጠብቃል። ሌላኛው ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ብቻውን አይቆምም፣ እንደ ምርኩዝ የሚደግፈው ጓደኛ አለው። ፊደል አያነቡም። የተከፈተው ክር ከተዘጋው የሚገናኝበትን ጠርዝ በቅርፁ ያውቁታል፤ ልክ እንደ ፋዲላ ጣት። ስለታቸው ላይ የማግኒዥየም ቅንጣት ተቀምጣለች፤ ያለ እሷ አይቆርጡም። ባለ ምርኩዙ በወዲህ፣ ጠባቂው በወዲያ ይቆርጡና ሠላሳ ያህል ፊደል ወጥቶ ይወድቃል። ለሁለት ፊደል ብልሽት ሠላሳ!

«የወጣውን ደግሞ...» ብለው ዶክተሯ ሲቀጥሉ ፋዲላ ቀደመቻቸው።

«ከወዲያኛው ክር አይቶ ይሞላዋል።»

ዶክተሯ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ማን ነገረሽ?»

«የባጃጅ ሸራ ሰፊ ነኝ።»

ለፈሪሃ ግን አንደኛው መቀስ ከአባትም ከእናትም ዱልዱም ሆኖ ነው የደረሳት። ፀሐይ የነካው ሁሉ ሳይቆረጥ ይከማቻል። መድኃኒት የለውም፤ ያለው መሸሸግ ነው።

«በገዛ እጄ፣ ጋሼ» አለችኝ ፋዲላ። «ቅባት ቀብቼ፣ አመቻችቼ አቃጠልኳት።» ቆሜ ነበር። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

አምና ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሙዓዊያ አሉት። እንደ እህቱ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ደሙ ተቀድቶ ውጭ አገር ተላከ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ፀሐይ እንዳያየው ተባለ። ሦስት ወር ጠበቀች። አማቷ እትዬ ከዲጃ ሊያርሷት ከጀውሃ መጥተው ነበርና ነገሩ አልዋጥ አላቸው። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ተነሡባት።

«ልጁን እንደ ሽንኩርት ጥላ ውስጥ ልታከርሚው ነው? አጥንቱ አይጠናም!»

«ሽንኩርትስ ፀሐይ ላይ ሲከርም አይተዋል፣ እማዬ?»

«ምላስሽ እንደ መርፌሽ ነው! እኔ ሰባቱን ፀሐይ አሙቄ ነው ያሳደግሁ።»

«እኔም አንዷን አሙቄ ገደልኳት።»

ከመጋረጃው ወዲያ «እማ፣ አልሞትኩም እኮ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሦስታችንም ሳናስበው ሳቅን። ቶሎም ተውነው።

ስለ ውጤቱ ስልክ የተደወለው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ሸራዬን ልወስድ መጥቼ ነበር። ፋዲላ አዳመጠች። ከንፈሯ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ድምፅ ግን አላወጣም። ዐይኗ መጋረጃው ላይ ነበር።

«ምን አሉሽ?» ስላት ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

«እማ፣ እንደ እኔ ነው?» አለች ፈሪሃ ከውስጥ።

ፋዲላ የስፌት መኪናዋን ጎማ ያዘች። «አይደለም።»

«ሁለቱም መቀስ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ ልጄ።»

ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ ፀሐይ ሲሉ የከረሙት እትዬ ከዲጃ እንኳ ሕፃኑን ታቅፈው ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ታዲያ ለምን አታወጡትም?» አለች ፈሪሃ።

ፋዲላ ልጁን ተቀበለች። የዳሱ ጥላ እስከሚያልቅበት ሄዳ ቆመች። አንድ እግሯን አነሣችና መልሳ ጥላው ውስጥ አሳረፈችው። ላግዛት አሰብኩ፤ በምን አግዛታለሁ?

«ስንት ደቂቃ ነው?» አለች ፈሪሃ ከውስጥ።

«ለዛሬ አምስት።»

«እኔ እቆጥራለሁ። ውጪ።»

ወጣች። ሙዓዊያ ዐይኑን ጨፈነ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ አስነጠሰው። መጋረጃው ውስጥ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ተጀመረ። መቶ ሃያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ። ፋዲላ ልጁን ወደ ደረቷ ሸሽጋ ወደ ጥላው ዞረች።

«አልጨረስኩም!» አለች ፈሪሃ፣ አፍንጫዋን እየሳበች። «እዚያው ቁሚ። መቶ ሃያ አንድ።»

ፋዲላ ተመለሰች። የልጁን እግር ከጨርቁ ገልጣ ቆመች።