አሰድ ያለቀበት ቆርቆሮ

ውድነሽ በቀን የምታልም ሴት ናት። ሐርጌሳ ከምሳ በኋላ ሱቆቿን ዘግታ ስታሸልብ፣ እሷ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ጃንጥላዋን ተክላ፣ ማበጠሪያና መርፌ ክሯን እንደዘረጋች ዓይኗን ገርበብ ታደርጋለች። ያኔ መንገዱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስላታል፤ ፍየሎቹም አቧራው ላይ እየዋኙ ያልፋሉ። ማበጠሪያ ሊገዛ የመጣ ሰው ደጋግሞ መጣራት አለበት። እንዲህ ያለችን ሴት ከንግድ ጋር ምን አገናኛት ብትሉኝ፣ እኔም አላውቅም።

ቆርቆሮውን የሰጧት ጋሽ ኤልሚ ናቸው። ድሬዳዋ ያደጉ የሐርጌሳ ሰው ሲሆኑ፣ መንገድ ዳር ኖት እንደ ጡብ ደርድረው ይመነዝራሉ። አንድ ቀን የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡና ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«የወንድሜ ልጅ ከውጭ የላከው ሳንቲም ነው» አሏት። «የአገራችን ስም ተጽፎበታል፤ እኛ ግን አንገበያይበትም። ለሳንቲም ሰብሳቢ ብለው እዚያው ነው የመቱት። ወላሂ፣ እዚህ ሻይ እንኳ አይገዛም። እስቲ ሞክሪውና ትርፉን እንካፈል።»

ክዳኑን ስትከፍት በሳንቲሞቹ ላይ በግ፣ በሬ፣ አንበሳ፣ ሚዛን፣ ጊንጥ፣ ዓሣ አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ሥዕል ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ውድነሽ ግን ልቧ ዘለለ፤ አሥራ ሁለቱ ኮከቦች ናቸው። ላስታ ሳለች ደብተራው አጎቷ የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ቆጥረው፣ በአሥራ ሁለት ገድፈው ኮከቡን ሲያወጡ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ተምራለች። ቤተ ክርስቲያን ይህን እንደማትወድ አላጣችውም። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ አትቆጥርም፤ በዚህም ከፈጣሪዋ ጋር የተስማማች ይመስላታል።

እንግዲህ ሳንቲሙን የሚሰበስብ ሰው አሥራ ሁለቱን በአንድ ላይ ነው የሚፈልገው። ውድነሽ ይህን ከየት ታውቃለች? ለያንዳንዱ የአገር ቤት ልጅ ኮከቡን እየቆጠረች አንድ አንድ አድርጋ በተነችው። የቤት ሠራተኞች መጡ፣ ግንበኞች መጡ፣ ከከተማው ዳር፣ ከአያሃ ድረስ በእግር የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ሁሉም የወሰደውን እያስበሳ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሠረው። ከአገሩ የራቀ ሰው ከሰማይ የተቆረሰ የራሱ ነገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ አልፈርድበትም። ከሰዓት በኋላ ስታንቀላፋ ያ ሁሉ ሳንቲም ከየሰዉ ደረት ላይ ተነሥቶ ከናሳ ሀብሎድ ኮረብቶች በላይ ሲበተን ይታያት ነበር።

መጀመሪያ ያለቀው አሰድ፣ አንበሳው ነው። አንበሳ ያልሆነውም አንበሳ መሆን አማረውና ለልጄ ነው፣ ለወንድሜ ነው እያለ ወሰደው። አቅራብ ግን፣ ማለትም ጊንጡ፣ ቆርቆሮው ሥር ክምር ብሎ ቀረ። ጊንጥ ነህ ተብሎ ማን ገንዘብ ይከፍላል? ያኔ ነው ውድነሽ ቆጠራውን ማላላት የጀመረችው። ቁጥሩ አሰድ ላይ ሲወድቅ ወደ ቆርቆሮው ታያለች፤ ከዚያ «አቅራብ ነህ፣ ጥልቅ ሰው ነህ» ትላለች። ሰው ጥልቅ ነህ ሲባል ጊንጥነቱንም ይቀበላል። ክፉ ሆና አልነበረም። ያላትን ነው የሸጠችው።

ከነዚያ ሰዎች መካከል አምለሰት የምትባል፣ አጠገቧ ካለ ግቢ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። እሷም አሰድ ሆና አቅራብ ይዛ ሄደች።

ሳምንት ሳይሞላ ናኦድ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ቀና ሳይል ቀረ። ናኦድ የእህቷ ልጅ ነው፤ እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ በር ይበይዳል።

«አክስቴ፣ ሳልነግርሽ አምለሰት ለምትባል ልጅ ሽማግሌ ልኬ ነበር» አላት። «ኮከባችን አይገጥምም አለች። እኔ ሚዛን፣ ነፋስ ነኝ። እሷ አቅራብ፣ ውሃ ናት። ነፋስ ውሃን ያናውጣል ተባለ። የቆጠርሽላት አንቺ ነሽ አሉኝ።»

ውድነሽ የያዘችውን ማሰሮ መሬት አስቀመጠች። የልጅቷ እውነተኛ ኮከብ አሰድ፣ እሳት ነው፤ ነፋስና እሳት ደግሞ እንደ ባልና ሚስት የሚፈላለጉ ናቸው። የገዛ ልጇን ትዳር አንድ ጊንጥ ለመሸጥ ብላ አፈረሰችው። አፈረች፣ ከማፈሯም በላይ ፈራች።

«እንደገና እቆጥርላታለሁ» አለችው። «ተሳስቼ ይሆናል።»

ባዶ እጇን ሄዳ ተሳሳትኩ ብትል ግን ማን ያምናታል? ለእህቷ ልጅ ብላ ኮከብ አዞረች ይሏታል። ሰው የሚያምነው አንገቱ ላይ የሚያሥረውን ሳንቲም ነውና አሰዱን ይዛ መሄድ አለባት። ጋሽ ኤልሚን ስትጠይቃቸው ሳቁ።

«አሰድ? እኔም እየፈለግሁ ነው እኮ! የወንድሜ ልጅ ደውሎ፣ የመታው ፋብሪካ አቁሟል፣ ሰብሳቢዎቹ አንበሳው ጎደለን እያሉ ዋጋውን ሰቅለውታል አለኝ። ግን የተበሳ አይገዙም። አንቺ ደግሞ የሐርጌሳን አንበሳ በሙሉ አንገት ላይ አንጠልጥለሽዋል።»

አየ ጉድ፣ እዚህ ሻይ የማይገዛው ሳንቲም ባሕር ማዶ በናፍቆት ይጠበቃል። ውድነሽ ግን የተበሳም ይሁን፣ አንበሳ ብቻ ይሁን አለች። ደምመላሽ የሚባል ግንበኛ ደንበኛዋ ዘንድ ሄደች። ደምመላሽ አንበሳውን በገንዘብ አልሰጥም አለ፤ የመጣለት ሥራ ሁሉ በእሱ ገድ ነው። ዓይኑ ግን ጃንጥላዋ ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ነው። ጃንጥላዋን ሰጥታው፣ አንበሳዋን ጨብጣ፣ አናቷን ፀሐይ እየመታት ወደ አምለሰት ሄደች። መንገዱ እንደ ልማዱ ተንሳፈፈባት። ናኦድ በሙሽራ ልብስ ከፊቷ የሚሄድ መሰላት።

አምለሰት የግቢውን በር ከፍታ ስታያት ደነገጠች። የመጣችበትን ሳትጠይቅ ወደ ጥላው ሳበቻት።

«እትዬ ውድነሽ፣ ተቀየሙኝ እንዴ? እውነቱን ልንገርዎት። እርስዎ ዘንድ የመጣሁት አክስቱ መሆንዎን አውቄ ነው። ሽማግሌው ቤቴ ከደረሰ በኋላ ነው የመጣሁት።»

«ለምን ልጄ?»

«ናኦድ ደግ ነው። ደግን ሰው ምን ብዬ እምቢ ልበል? እኔ ደግሞ አልወደውም። ሌላ ሰው ኖሮኝ አይደለም፤ እንዲሁ ልቤ አልሄደም። አክስቱ ይገጥማል ካለችኝ የእግዜር ፈቃድ ነው ብዬ ላገባው፣ አይገጥምም ካለችኝ ልተወው ብዬ ተሳልኩ። አቅራብ ሲሉኝ ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።» ከዚያ ዓይኗን ወደ ውድነሽ እጅ መለሰች። «ምን ይዘዋል?»

ውድነሽ ጡጫዋ ውስጥ አንበሳው ሲግል ይሰማታል። እጇን ብትዘረጋ ልጅቷ ስለቷን አክብራ ትመጣለች፤ ናኦድም ይስቃል። ያሳደገችው ልጅ እንዲስቅ ምን የማታደርገው ነገር ነበር? ልጅቷ ግን ዕድሜ ልኳን ወጥ እየሠራች፣ ልጅ እየወለደች፣ አሁን ቀና እንዳለችው አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት ቀና ሳትል ትኖራለች። ይህም እንደ ሕልም ወለል ብሎ ታያት፤ የቀን ሕልሟ አስፈርቷት አያውቅም ነበር።

«ምንም» አለች። «እንዳልተሳሳትኩ ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ከመምጣቴ በፊት እንደገና ቆጠርኩት። አቅራብ ነሽ።»

አመሻሽ ላይ ናኦድ ከሥራ ሲገባ እጁን እንኳ ሳይታጠብ በሩ ላይ ቆመ።

«ቆጠርሽ?»

«ቆጠርኩ። ያው ነው፣ የኔ ልጅ። አቅራብ ናት።»

ናኦድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ትከሻው ሲላላ አየችው። ፈገግ ሊልም ቃጣው።

«ኮከብ ከሆነማ ምን ይደረጋል» አለ። «እኔ እኮ ያልወደደችኝ መስሎኝ ነበር።»