ከነጠላ ሥር የኖረ ክንድ

በጃንሆይ ዘመን፣ ቢቸና፣ የክረምቱ ጭጋግ ከባሕር ዛፋችን ላይ ሳይነሳ ይረፍድ ነበር። ታላቅ እህቴ ከተወለደች ጀምሮ ግራ እጇ ከክርኗ በታች አልነበረም። እናታችን በነጠላ እየሸፈነች አሳደገቻት። እህቴ ጥጥ ስትፈትል ግን ትገልጠዋለች። ባዘቶውን በአጭሩ ክንዷና በጎኗ መካከል ሸጉጣ በቀኟ እንዝርቱን ስታሾር፣ ክሩ ከጭጋጉ ውስጥ የሚመዘዝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ከሞጣ በበቅሎ መጡ። ለአንድ ወጣት መምህር እህቴን ሊጠይቁ ነው። አይተዋት አያውቁም፤ ስለ እጇም የነገራቸው የለም። እንዲህ ያለ እንግዳ ልጅቱን የሚያያት እጅ ስታስታጥብ ነው። እናታችን ግን ማንቆርቆሪያውን ለእኔ ሰጠችኝ። ከእህቴ የማንሰው በሁለት ዓመት ነው።

«አንቺ አስታጥቢ። እሷ ጓዳ ትቆይ።»

«እኔን እሷ ናት ቢሉስ?»

«ይበሉ። ከሰርጉ በኋላ ማን ይመልሳታል?»

ይህን ጊዜ እህቴ ከጓዳ ወጣች።

«አምጪው» አለችኝ።

አጭሩ ክንዷ ሳፋውን ከወገቧ ጋር አቀፈው፤ ማንቆርቆሪያውን በቀኟ ያዘች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ፤ አላነሳችውም። ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርባ ውሃውን ታፈስላቸው ጀመር። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ልጄ፣ ይህ ከመቼ ነው?»

«አብሮኝ ነው የተወለደው። አይዞዎት አባቴ፣ አይናከስም።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። «ለልጁ ያየነውን እንነግረዋለን» አሉ።

በሳምንቱ መልእክት ላኩ፦ ታናሽቱን ብትሰጡን።

አባታችን አቀረቀረ። እኔ እህቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሷ እንዝርቷን አላቆመችም።

«አይሆንም በሏቸው፤ ትምህርቷን ትጨርስ» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ሻከረ። «ስለ እኔ ግን ያዩትን ለሞጣ ሁሉ ያውሩ። ከእንግዲህ የሚመጣ አውቆ ይመጣል።»



በማግስቱ እህቴ ገበያ ወጣች፤ ነጠላዋን እንደ ማንኛዋም ልጅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። ጤፍ የምትሸጥ ባልቴት አፍጥጣ ቀረች።

«እማማ» አለቻት እህቴ፣ «አይተው ሲጨርሱ ይስፈሩልኝ።»