ካፖርት የለበሰችው ጊሽጣ

የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ በዚያ ሁሉ ብርድ የሚቀበሉን በስስ ሸሚዝ ነው። የደንብ ልብስ ካፖርታቸውን የለበሰችው በሩ አጠገብ፣ በአሮጌ በርሜል የተተከለችው ጊሽጣ ናት። የቆላ ዛፍ ስለሆነች ውርጭ አትችልም።

«ጋሼ፣ ኧረ ይታመማሉ!» ስላቸው፣
«እኔስ እየተንጎራደድኩ እሞቃለሁ፤ እሷ የት ትሄዳለች?» ይሉኛል።

ሠራተኛው «ሚስታቸው» እያለ ይቀልድባታል። እሳቸው ግን አንድም ቀን ስቀው አያውቁም።

ስታብብ ከደረት ኪሳቸው ቀጭን ብሩሽ ያወጣሉ። የቆላዎቹ ጥንዚዛዎች እዚህ ብርድ ድረስ ስለማይመጡ፣ የአንዱን አበባ ብናኝ ለሌላው የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ብሩሹ የሴት የዓይን መኳያ ነው፤ የእጀታው ወርቃማ ቀለም ተላልጧል። የማን እንደነበር ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም። ሲጨርሱ ጠርገው በንጹሕ መሐረብ ይጠቀልሉታል።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አበባዋ እንዲሁ ረገፈ። ዘንድሮ አንዲት ፍሬ አፈራች፤ ፍሬዋም ይኸው ጡጫ አክላለች።

«እንግዲህ የልፋትዎን ሊቀምሱ ነው» አልኳቸው ትናንት።

ፍሬዋን በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው መንገዱን አሻግረው አዩ።

«እኔ እንኳን ጊሽጣ አልወድም» አሉ።