ጀርመን ሰዓት ቀየረች፣ እኔ መነኻሪያ ሮጥኩ

ዛሬ አንድ ሽማግሌ አውቶቡስ ከተሳፈሩ በኋላ ለምኜ አወረድኳቸው።

አባ ፊጣ ቡናቸውን ከሚፈልግ ጀርመናዊ ጋር በስካይፕ ሊነጋገሩ ከሊሙ ገነት ጅማ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ነበር። የጀርመንን ሰዓት ወደኛ የሚቀይረው እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ቀጠሮው አምስት ሰዓት ነው አለ። ብንጠብቅ ሰውየው የለም።

"ወላሂ፣ ንቆናል!" ብለው ወጡ።

ለካ ጀርመኖች ክረምታቸው ሲቃረብ እንደሚያደርጉት ትናንት ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደኋላ መልሰዋል! እኔ ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ የኛንና የነሱን ልዩነት ሁሌም አንድ ሰዓት ነው ብዬ ዘግቼዋለሁ፤ አሁን ሁለት ሆኗል። (ጎበዝ ነኝ አይደል?)

መነኻሪያ ደርሼ "አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀጠሮው ስድስት ሰዓት ነው" አልኳቸው።

"ሰዓቱን ሲመልሱ ፀሐይዋን አስፈቅደዋል?" እያሉ ወረዱ።

ጀርመናዊው ልክ በስድስት ሰዓት ብቅ ብሎ ናሙና ላኩልኝ አለ። ጥፋተኛው እኔ፣ ምሳ ጋባዡ ግን አባ ፊጣ!

እናንተስ በሰዓት ስሌት ማንን አስቀይማችኋል? ጻፉ እንጂ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።