ታፔላ የሚያነብ ቁራ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የጡረታ ቢሮው ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ፊሽካ ነው። ስሙን ያወጡለት የታክሲ ሾፌሮች ናቸው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሆኖ ትልቁ አደባባይ መሐል ጉንጩን ነፍቶ ሲያፏጭ ስለኖረ። እሱ ይነፋል፣ ሾፌሩ ያልፋል። እጁን ያነሳል፣ ሾፌሩ ሰላምታ መስሎት መልሶ እጁን ያነሳለታል። እግረኛውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በመሐል ይሻገራል። የሚገርመው ሰውዬው ተስፋ አለመቁረጡ ነው። "ሕዝቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ታፔላ አንሶት ነው" ይል ነበር። ዓለም የተበላሸችው በታፔላ እጥረት ነው ብሎ ያምናል፤ ይህንኑ እምነቱን ይዞ ጡረታ ወጣ።

ጡረታ የወጣ ትራፊክ ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ሳምንት ሳይሞላው ከጓሮ ጣውላ ሰብስቦ፣ ቀለም ገዝቶ፣ ቤቱን በታፔላ ሞላው። መግቢያው ላይ "ጫማ እዚህ ይወልቃል"፤ መታጠቢያ ቤቱ ላይ "ቧንቧ ሳይዘጉ መውጣት ክልክል ነው"፤ ሁለት ሰው በማያስተላልፈው ኮሪደር ላይ ደግሞ "ለሚመጣው ቅድሚያ ይስጡ"። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ እሳት የላሰች ሴት። ስፌቷን ትታ የምትጣላበት ጊዜ ስላልነበራት ዝም ብላ ስታየው ከረመች።

ዝምታዋ ያበቃው በብስኩቱ ነው። ለእንግዳ የምታስቀምጠውን የብስኩት ቆርቆሮ ቁም ሳጥኑ ላይ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ጀርባ ደብቃ ስንት ዓመት ኖራለች፤ የልጅ ልጆቿ ቤቱን ገለባብጠው ፈልገውም አግኝተውት አያውቁም። ፊሽካ "ብስኩቱ ለእንግዳ ብቻ ነው፤ መንካት ክልክል ነው" የሚል ታፔላ ሠርቶ ቁም ሳጥኑ ላይ በሚስማር መታው። በማግስቱ ቆርቆሮው ባዶውን ተገኘ። ፊደል ገና የቆጠረችው ትንሿ የልጅ ልጅ፣ ፍርፋሪው ከከንፈሯ ሳይራገፍ፣ "አባባ፣ እኔ እኮ ብቻዬን አነበብኩት" አለችው። እንዲያመሰግናት እየጠበቀች ነበር።

ሚስቱ ስፒሉን ከአፏ አወጣች።

"ስማ አንተ ሰውዬ፤ ወይ አንተ ትወጣለህ ወይ ታፔላው ይወጣል።"

"የት ልሂድ?"

"ባህር ዳሩ ሰፊ ነው። ሂድና ማዕበሉን አስተናብር።"

የባህር ዳርቻ ጥበቃ ማኅበር በጎ ፈቃደኛ የሆነው እንዲህ ነው። በጎውም ፈቃዱም የሚስቱ ነበር ማለት ይቻላል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር የጥርስ ሐኪም ነው፤ ፎቶ ሲነሳ አንድም ጥርስ አይደብቅም። አባላቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው አሸዋው ላይ ይሰበሰባሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ የተጣለ የውሃ ጠርሙስ ሲያነሳ ፎቶ ይነሳና ጠርሙሱን ለሚቀጥለው ያቀብላል። አንዲት ጠርሙስ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ትውልና ማታ እዚያው ተረስታ ትቀራለች። በዚህ ሥራ የሚስተካከለው ያልነበረ አንድ ኢንሹራንስ ሻጭ ነበር፤ ጠርሙሷን በአራት አቅጣጫ ያነሳታል። ማኅበሩ ከእነዚህ ሁሉ አባላት መካከል ሌላ ቀን የሚመጣለት ሰው ስላልነበረው፣ ፊሽካ ሲመጣ ሊቀመንበሩ ብርቱካንማ ሰደርያ በገዛ እጁ አለበሰው።

ሥራው ይህ ነበር። በዚያ ወቅት ትንንሽ ወፎች መጥተው ሜዳው አሸዋ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ሣር አያነጥፉ፣ ጭራሮ አይሰበስቡ፤ አሸዋውን በደረታቸው ጎድጎድ አድርገው ይተኛሉ፣ አለቀ። እንቁላሉ ጠጠር ይመስላል፣ ወፏም ራሷ አሸዋ ትመስላለች፣ ስለዚህ ሰው ሳያይ ይረግጣቸዋል። ፊሽካ መጀመሪያ ቀን ሊረግጥ ምንም አልቀረውም። ወፏ ከፊቱ ብድግ አለችና አንድ ክንፏን አሸዋው ላይ እየጎተተች ተንፏቀቀች። ተሰብራ መስሎት አንጀቱን በላችው፤ ሊያነሳት ተከተላት። እሷ እየተጎተተች እሱ እየተከተለ ውሃው ዳር ድረስ ወሰደችው፣ ከዚያ ብር ብላ ሄደች። ዞር ብሎ ከእንቁላሉ ምን ያህል እንደራቀ ሲያይ ነገሩ ገባውና ብቻውን ሳቀ። በሥራ ዘመኑ ያልዋሸው ሾፌር የለም፤ ለልጁ ብሎ እንዲህ አሳምሮ የዋሸው ግን አላጋጠመውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወፎቹን ወደዳቸው።

ፊሽካ ደግሞ የወደደውን ነገር ያለ ታፔላ ማየት አይችልም።

ከቤት የተባረሩት ጣውላዎች ተፍቀው እንደገና ተቀቡ፤ በቀይ መደብ ላይ በነጭ፣ "ቁም! እንቁላል አለ"። እንቁላል ካለበት ሁሉ አጠገብ፣ ጣውላው እስኪያልቅ ድረስ፣ አንድ አንድ ተከለ። ሊቀመንበሩ እየዞረ ፎቶ ተነሳባቸው። "ሃምሳ አለቃ፣ አሁን ገና የተጠበቀ ቦታ መሰለ" አለው። ሕዝቡ ግን ያው ሕዝብ ነው። ዋናተኛው እርጥብ ፎጣውን አሰጣባቸው፤ ፍቅረኞች ተደገፉባቸው፤ እንቁላል መኖሩን ጨርሶ የማያውቀውም ሰው "ኑ እንቁላል እንይ" እያለ ቤተሰቡን እየጎተተ መጣ። ታፔላውን በሥርዓት የሚመለከት አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ ቁራ። ጫፉ ላይ ያርፋል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደታች ያያል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ፊሽካ በዚህ ቁራ ኮራ። "ሰው ያላከበረውን ቁራ አከበረው" እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር።

ከዚያ እንቁላሎቹ መጥፋት ጀመሩ። ፊሽካ መጀመሪያ የጠረጠረው ዋናተኞቹን ነው፣ ቀጥሎ የአይስክሬም ሻጩን ውሻ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ ምስኪኑ ውሻ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ጅራቱን ቆልፎ ይሮጥ ጀመር። ሌባው አልተገኘም። ፊሽካም እንደ ልማዱ መፍትሔ አመጣ፤ ታፔላዎቹን አሳደጋቸው። ፊደሉ ከሩቅ እንዲነበብ ወፈረ። እንቁላሉ ባሰበት።

አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ወጣና ሚስቱ ይዛለት መጣች። እሱ ሲበላ እሷ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ዙሪያዋን ትቃኛለች።

"ያ ቁራ ያንተ ነው?" አለችው።

"እሱ ጨዋ ነው። ከታፔላው አይለይም።"

"አያለሁ። ከዚያኛው ወደዚህኛው ነው የሚሄደው። አንድም አይዘልም።"

ቁራው ከታፔላው ወረደ። ሁለት ጊዜ እንጣጥ ብሎ አሸዋውን ጫር አደረገና በአፉ ጠጠር የመሰለ ነገር ይዞ ተነሳ። ሚስቱ ባሏን አየችው።

"ብስኩቱን ረሳኸው?" አለች።

ፊሽካ ምሳውን አሸዋው ላይ አስቀመጠ። ተነስቶ ታፔላዎቹን አንድ በአንድ ዞረ። ሁሉም ጋ ባዶ ጎድጓዳ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ታፔላውን አንብቦ የሚታዘዝ ፍጡር ሲመኝ ኖሮ፣ ያገኘው ይህንን ነው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"አላወቅክማ" አለችው ሚስቱ፤ ስትቆጣ የምትናገርበት ድምፅ አልነበረም።

"እናቶቻቸው ክንፋቸውን እየጎተቱ ይደብቁላቸዋል። እኔ ግን ጽፌ ሰጠሁት" አላት።

የተረፈችው አንዲት ወፍ ብቻ ነበረች፤ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ በአሮጌው የአሸዋ መንገድ ዳር የተኛችው። የተረፈችውም ጣውላ አልቆ ታፔላ ስላልደረሳት ነው።

በማግስቱ ታፔላዎቹን ለመንቀል ሊቀመንበሩን ሊያስፈቅድ ክሊኒኩ ሄደ። ሊቀመንበሩ የአንዱን በሽተኛ አፍ እንዳስከፈተ ሰማው።

"ቅዳሜ ምክትል ከንቲባው ሊመጡ ታፔላ ይነቀላል? ለእንግዳ ምን እናሳያለን፣ አሸዋ?"

"እንቁላሉ እኮ አልቋል ማለት ይቻላል፣ ጌታዬ።"

"ሃምሳ አለቃ፣ እንቁላል ለፎቶ አይሆንም፣ ጠጠር ነው የሚመስለው። የሚታየው ታፔላው ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ እንኳ አይጠፋም መቼም። ለዳርቻው ቋሚ ተቆጣጣሪ ሊሾም ነው። ኮፍያ አለው። እኔ ያሰብኩት እርስዎን ነው። አንዲቷን ለክቡርነታቸው ያሳዩልኝ፤ አጠገቧም ከብረት ያሠራነውን ትልቁን ታፔላ እንተክላለን።"

አፉን የከፈተው በሽተኛ እንኳ በጉሮሮው የመስማማት ድምፅ አሰማ።

ፊሽካ ኮፍያውን አልፈልግም አላለም። ይፈልገዋል። ኮፍያ ካጣ ወዲህ ራቁቱን የሚሄድ እየመሰለው ነው የከረመው። እንዲያውም ያን ሳምንት ሚስቱ የስፌት ሜትሯን ስትፈልግ፣ ጓዳ ገብቶ ጭንቅላቱን ሲለካ ያዘችው።

"ምነው፣ አደገ?"

"እንዲያው ነው" አለና ሜትሩን መለሰላት። ስለ ወፏ ለእሷም ትንፍሽ አላለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ደግሞስ አንዴ ጽፎ ያየውን አይቷል።

ቀን ቀን ሰደርያውን አውልቆ፣ አሮጌ ኮቱን ደርቦ፣ ጀርባውን ለወፏ ሰጥቶ ከመንገዱ ዳር ይቀመጣል። ወደ እሷ ቀጥ ብሎ አያይም፤ ቁራው የሰው ዓይን ተከትሎ እንደሚመጣ ጠርጥሯል። የሚያልፉት ሁሉ "ፊሽካም ሰነፈ" እያሉ ይስቁበት ጀመር። ቁራው ግን ትልልቆቹን ታፔላዎች እየዞረ ባዶ ጎድጓዳ ይጎበኛል።

ቅዳሜ ደረሰ። ባነሩ ተሰቀለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ መኪና በመኪና ሆነ። ምክትል ከንቲባው ከነጫማቸው አሸዋው ላይ ወጥተው "የታሉ እንቁላሎቻችን?" አሉ። ሊቀመንበሩ በአንድ እጁ ኮፍያውን ይዞ በሌላው ፊሽካን ወደፊት ገፋ አደረገው። ኮፍያው ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ላይ በወርቃማ ክር "ተቆጣጣሪ" ይላል። ፊሽካ ገና ሲያየው ልኩን አወቀው፤ በእርግጥም የእሱ ልክ ነበር። ቁራው ከምክትል ከንቲባው ራስ በላይ ታፔላው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል።

"የለም" አለ ፊሽካ።

"አንድም?" አለ ሊቀመንበሩ፣ ጥርሱን እንዳሳየ።

"አንድም። ቁራ ጨረሰው። ለቁራው ያሳየሁትም እኔ ነኝ።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ ጥርሱን ከደነ። ፊሽካ ሰደርያውን አወለቀ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውንም ፊሽካ ጨምሮ አስረከበ። ከአደባባዩ ጀምሮ አብራው የኖረች የገዛ ራሱ ንብረት መሆኗን ማንም አላስታወሰም። ኮፍያውና ፊሽካዋ ለኢንሹራንስ ሻጩ ተሰጡ፤ ኮፍያው ሰፍቶት ጆሮው ላይ አረፈ። ምክትል ከንቲባው በእንቁላሉ መጥፋት ብዙም አልተደናገጡም። ንግግራቸው ተጽፎ ያለቀ ስለነበር ባዶው ጎድጓዳ አጠገብ ቆመው ስለሚፈለፈሉት ጫጩቶች ተናገሩ፣ ተጨበጨበላቸው። እስከ መጨረሻው በትኩረት ያዳመጣቸው ቁራው ብቻ ነበር።

ፊሽካ ጭብጨባው ሳያልቅ ወደ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ። አንገቱ ባዶ ሆኖበት ደጋግሞ ይዳብሰዋል። ከፋው፤ ማልቀስ ነበር የቀረው።

እንግዶቹ ሲመለሱ የአስፋልቱ መንገድ ተጨናነቀ። አዲሱ ተቆጣጣሪ መሐል ገብቶ ኮፍያውን ወደ ላይ እየገፋ፣ የምክትል ከንቲባውን መኪና በአሮጌው የአሸዋ መንገድ እንዲያልፍ አመለከተው። መኪናው ወደ ፊሽካ መጣ። ወፏ ብድግ አለችና ከጎማው ፊት ክንፏን እየጎተተች ተንፏቀቀች፤ ያያት ግን የለም። ፊሽካ ካለበት ፈቀቅ ብሎ ከእንቁላሉ ፊት መንገዱ ላይ በሙሉ ቁመቱ ተጋደመ።

ፊሽካ ተነፋ። "አንተ፣ እዚያ ጋ መተኛት ክልክል ነው! ተነስ!"

የገዛ ፊሽካውን ድምፅ ወዲያው ለየው። አዲሱ ተቆጣጣሪ ጉንጩን ሳይነፋ ነበር የነፋት፣ እንዳያያዙ ዕድሜ አይኖራትም። መኪናው እግሩ ሥር ቆመ፤ ሾፌሩ ወረደ።

"ጋሼ፣ ተቆጣጣሪው ሲነፋ አይሰሙም እንዴ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

እንቁላል ቢል ካሜራው ሁሉ ይመጣል፣ ከካሜራው ኋላ የብረቱ ታፔላ፣ ከታፔላው ኋላ ቁራው። "ደክሞኛል፣ ልጄ" አለው።

ሾፌሩ ራሱን ነቅንቆ ተመልሶ ገባና፣ ወደ ኋላ መስታወቱ እያየ፣ እያጉረመረመ መኪናውን ወደ መጣበት መለሰው። ትንሽ ቆይቶ ወፏ በሩጫ መጣች፤ ግራ ቀኝ አይታ እንቁላሏ ላይ ተኛች። አዲሱ ተቆጣጣሪ ኮፍያውን በእጁ ይዞ እየሮጠና እየነፋ ይመጣ ነበር። ፊሽካ ኮቱን እስከ ጆሮው ሳበና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።