አባቴ ባቡር ሲሸኝ

አባቴ የቀበሌያችንን ሱቅ ቁልፍ በኪሱ ይዞ ባቡር ሊሸኝ የሄደ ዕለት፣ ስኳር ሊወስድ የተሰለፈው የመጋላ ሰፈር ሕዝብ እስከ ቀትር ድረስ በድሬዳዋ ፀሐይ ተጠበሰ። እኔ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ ገና ጎኔን ሳላሳርፍ ነው የጠሩኝ። ደቻቱ ወንዝን ተሻግሬ ጣቢያው ድረስ ሮጥኩ። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ባንዲራ ባልያዘ እጁ ለባቡሩ ምልክት ሲሰጥ አገኘሁት። ባቡሩ ግን ከሄደ ቆይቷል።

ያን ጊዜ ገና ሃምሳ አልሞላውም፤ ፀጉሩ እንኳ አልሸበተም። ዕድሜውን ያሳለፈው በዚያ ጣቢያ ነው። ሥራው ፊሽካ ነፍቶ፣ አረንጓዴ ባንዲራ አውለብልቦ ባቡር ማስነሳት ነበር። አፉን የፈታው በሶማሊኛ ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛ ከሰፈር፣ አደርኛ ከገበያ፣ ፈረንሳይኛ ከባቡሩ ተማረ። ይህ ድሬ ላይ ጉራ አይደለም። እኛ ከተማ በአንድ ቋንቋ የጀመረውን ወሬ በሌላ የማይጨርስ ሰው እንግዳ ነው።

መጀመሪያ የጠፋው ፈረንሳይኛው ነው፤ ማንም አልናፈቀውም። ቀጥሎ ከቀፊራ ገበያ ወደ ቤት የሚያመጣው መንገድ ይጠፋበት ጀመር። አንድ ቀን ጣቢያው ላይ ባንዲራውን ይዞ የቱን ባቡር ማስነሳት እንዳለበት ግራ ገባው። ሰው ከመጎዳቱ በፊት ራሱ ሄዶ ባንዲራውን አስረከበና ወጣ። ከዚያ የቀበሌውን ሱቅ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ተቀጠረ። እንዲህ ዓይነት ሥራ በገዛ ፈቃዱ የሚተወው ጠጪ ብቻ ነው ተባለ። አባቴ በዕድሜው አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ከዚያ ጫት ነው አሉ፤ ከዚያም ጂኒ ነው አሉ። እኔ ምላሴ አያርፍምና ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ ትክክለኛውን መልስ ግን እኔም አላውቀውም ነበር።

የነገረን በዚያ ዘመን ከተማችን ይሠሩ ከነበሩት የኩባ ሐኪሞች አንዱ ነው። አንዲት ነርስ እያስተረጎመችለት፣ በሽታው የአንጎል መሆኑን፣ ሰው ሳያረጅም ሊይዘው እንደሚችል፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ ዕብደትም እርግማንም እንዳልሆነ አስረዳን። እናቴ መድኃኒት የለውም የሚለውን ብቻ ሰምታ አለቀሰች። አባቴ ግን ነርሷን በሽታው ስም እንዳለው ጠየቃት። አለው ስትለው ፊቱ በራ። ለካስ ሰውዬው እስከዚያ ቀን ድረስ እሱም የሰፈሩን ወሬ ሊያምን ተቃርቦ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የሐኪሙን ቃል እነግር ጀመር፤ ግን ማን ይሰማኛል?

የስኳሩ ጉዳይ ሐሜት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የቀበሌ ሱቅ ዘግቶ መሄድ በዚያ ዘመን አሻጥር ይባላል፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ይባስ ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ተከትሎኝ ጣቢያ መጥቶ ቁልፉን ሲጠይቀው፣ አባቴ የመለሰለት በሶማሊኛ ነበር። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ሊቀመንበሩ የድሬ ልጅ ነውና ሶማሊኛ አሳምሮ ይሰማል፤ በሥራ ሰዓት ግን ከአማርኛ ሌላ አይሰማም ነበር። ስለዚህ ክሱ ሁለት ሆነ፤ አሻጥርና ጠባብ ብሔርተኝነት። እሑድ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘ። ግለ ሂስ ማለት ሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋትን በገዛ አፍ መዘርዘር ነው፤ ከዚያ በኋላ ይፈረዳል።

እናቴ መላ አላጣችም። ስብሰባው ላይ ቀድማ ተነስታ ባሌ አብዷል ትላለች፤ ዕብድ ደግሞ በአሻጥር አይጠየቅም። እኔም ሳስበው የሚያዋጣ መሰለኝ። አባቴ አጠገባችን ተቀምጦ ፓፓያ ይበላ ነበር፤ የሚሰማን አልመሰለንም።

«ካበድኩ በኋላ ከቤት እንድወጣ ትፈቅዱልኛላችሁ?» አለ።

አብዷል የተባለ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። በር ይዘጋበታል፤ ከባሰም በገመድ ይታሰራል። ቀበሌው ሳያስረው እኛ ልናስረው ነበር።

«አላበድኩም» አለ። «አሻጥርም አልሠራሁም። ታምሜያለሁ። እኔው ራሴ እናገራለሁ።»

እናቴ በምን አፍህ አለችው። እውነቷን ነው፤ በዚያ ሰሞን ግማሹ ቃል ይጠፋበት ነበር። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ፓፓያውን እንጂ እኛን አልሰማም።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መፈክሩ ተሰምቶ ሲያበቃ ሊቀመንበሩ ክሱን አነበበና አባቴን «ጓድ፣ ተነስ» አለው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም አንተ ነው። ያን ቀን ግን ያቺ «ተነስ» አንገበገበችኝ። አብሬው ስነሳ ሊቀመንበሩ ተቀመጪ አለኝ። ካልደገፍኩት ይወድቃል ብዬ ዋሸሁ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔ ሥራ ባቡር...» አለና ቆመ። ሰው ጠበቀ። ቃሉ አልመጣም። ላቡ ከግንባሩ ወደ አንገቱ ሲወርድ አየሁ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ያኔ አባቴ የጠፋችውን ቃል በሶማሊኛ አወጣት። የተከሰሰበትም ነገር ይኸው ነበር። ሊቀመንበሩ ቀና ሳይል «በአማርኛ» አለ።

ከሴቶቹ መሃል አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ማስነሳት ነው ያለው። ሥራዬ ባቡር ማስነሳት ነው።»

ዞር ብዬ አየሁ። ከእኛ ጥቂት ቤቶች አለፍ ብላ የምትኖር ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ስኳሩን ሳያገኙ ከተመለሱትም አንዷ ነበረች። አባቴ ራሱን ነቅንቆ አመሰገናትና ቀጠለ። ባቡር ሲጮህ እግሩ ሳያማክረው እንደሚሄድ ተናገረ። ቁልፉ ላይ ሲደርስ ቃሉ በኦሮምኛ መጣ፤ በግራ በኩል የቆመ ጋሪ ነጂ አማርኛውን አቀበለው። ቀጥሎ አደርኛ ገባበት፤ አንዲት ባልቴት ተቀበለችው። ሊቀመንበሩ ሥርዓት ይከበር ሲል ባልቴቷ «ወሪያ፣ አንተ ሰው፣ ይጨርስ እንጂ» አለችው። አባቴ ነገሩ ሲገባው ቃል ቢጠፋውም መደንገጡን ተወ። በመጣለት ቋንቋ ይለዋል፤ አዳራሹ ያነሳለታል። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርማል። አንድን ንግግር አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ተጋግዞ ሲናገረው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«አልጠጣሁም» አለ። «ጂኒ የለብኝም። ማንንም አልጠላሁም። አንጎሌ ታሟል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮኝ ነበር፤ እሱንም ረሳሁት።» ሰው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። «አማርኛው ጥሎኝ እየሄደ ነው። ነገ ፊታችሁንም እረሳው ይሆናል፤ ኩራት አይደለም። መንገድ ላይ ስታገኙኝ በስሜ ጥሩኝ፤ ቤቴን አሳዩኝ። ቁልፍ አትስጡኝ። በር ግን አትዝጉብኝ።»

በዚያ ዘመን ጭብጨባ በትእዛዝ ነበር። ያን ቀን ግን ማንም ሳያዝዝ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያ ከኋላ የሳቀው ሰውዬ እንኳ ቆሞ ሲያጨበጭብ አየሁትና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና በመጨረሻ አባቴን ቀና ብሎ አየው። በሶማሊኛ፣ በዚያውም በሥራ ሰዓት፣ ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። ክሱ በዚያው ቀረ።

በማግስቱ ጨርቅ ነጋዴዋ ቤታችን መጣች። ባሏ ጅቡቲ ሄዷል ስትል ዓመት አልፏት ነበር። ከኋላዋ ግን ዓይኑን ከፀሐይ በእጁ የሚከልል፣ ከአባቴም በዕድሜ የሚያንስ ሰው አስከትላ ነበር። ለካስ ጅቡቲ የተባለው የጓሮዋ ክፍል ኖሯል። ባሏም እንደ አባቴ መርሳት ሲጀምር፣ ሰው አብዷል እንዳይላት ፈርታ ነው የቆለፈችበት፤ የአባቴን ንግግር ስታስተረጉም የባሏን ነገር እየተናገረች እንደነበር ለእናቴ ነገረቻት። ከዚያ የክፍሉን ቁልፍ አውጥታ እናቴ መዳፍ ላይ አኖረችው። እናቴ ያን ቀን ያለቀሰችው እንደ ሐኪሙ ቤት አልነበረም። ሁለቱ ባሎች ደግሞ እኛን ትተው በረንዳው ላይ ፓፓያ ይካፈሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሥራ በዛበት። ሊቀመንበሩ ራሱ እየመራ በየቀበሌው ስብሰባ ይወስደው ጀመር፤ ከዚራ ሰፈር ተናገረ፣ ቀፊራ ተናገረ፣ እኛም ፋብሪካ መጥቶ ተናገረ። የጨርቅ ነጋዴዋ ባል አብሮት ይቆማል፤ ብዙ አይናገርም፤ «እኔም» ይላል። ያቺ «እኔም» ያልነካችው ሰው የለም። ከየቤቱ የተደበቀ ሰው ወጣ። ጋሪ ነጂዎች መንገድ የሳተ ሲያገኙ ጠጪ ነው ማለት ትተው ቤቱን ያጠያይቁለት ጀመር። አባቴ በየስብሰባው ቃሉ እየቀነሰ፣ የሚያነሳለት ሰው ግን እየበዛ ሄደ። የእኔም ምላስ ትንሽ አረፈች፤ መልሱን ከተማው ተምሮታልና።

መጨረሻ የተናገረው እዚያው የእኛ ቀበሌ አዳራሽ ነው። ያን ጊዜ እኔን «የኔ ልጅ» እንጂ በስሜ መጥራት ትቶ ነበር። ንግግሩ መሃል ላይ እያለ ባቡሩ ጮኸ። አባቴ አፉ ላይ የደረሰውን ቃል ትቶ፣ ኮቱን አስተካክሎ ወደ በሩ ሄደ። የጨርቅ ነጋዴዋ ባልም ተነስቶ ተከተለው። ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩን አየ፤ እኔም በቁልፉ ነገር ያን ሁሉ መከራ ያበላንን ሰው አየሁት።

«ስብሰባው ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል» አለ። «ጓዳችን ባቡር ሊሸኝ ነው።»

ጋሪ ነጂው ፈረሱን ሊያዘጋጅላቸው ቀድሞ ወጣ። እኛ በዚያ ሙቀት፣ ማንም ቤቱ ሳይሄድ፣ በሩን እንደተከፈተ ትተን ተቀምጠን ጠበቅነው። ባቡሩን ሸኝቶ ተመለሰና ቦታው ላይ ቆመ። ምን ላይ እንዳቆመ አላስታወሰም፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ነገረው።