በፎጣ የመጣ ውሃ

ሰፈሩ እንደሚለው ከሆነ፣ የሆቴሉ ልብስ አጣቢ አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን አዝላ ወስዳ፣ ቱሪስቶች ፀሐይ በሚሞቁበት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነክራቸዋለች። አንዳንዱ ደግሞ ይጨምርበታል፤ አሮጊቷ በጀርባቸው ተንሳፍፈው ለእንግዶቹ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር ይላል። ፎቶም ተነስተዋል ይባላል። ፎቶውን ያየ ሰው የለም፤ ያየ ሰው የሚያውቅ ሰው ግን በየበሩ ሞልቷል። ልጅቱን ከዚያ ወዲህ "ዋናተኛዋ" ነው የሚሏት።

ውሸት ነው። አሮጊቷ መቆም ካቃታቸው ጀምሮ የገዛ ደጃፋቸውን እንኳ አላዩም። ልጃቸውም ብትሆን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ውሃ ገብታ አታውቅም። እውነቱ ከሐሜቱ ያጥራል፤ እንደ ሐሜቱ ግን አያስቅም።

ሆቴሉ ኮረብታው ላይ ሲሠራ ሰፈሩ እሰይ ብሎ ነበር። ሥራ መጣ፣ እንግዳ መጣ። እንግዳ ውሃ እንደሚጠጣ ሁሉም ያውቃል፤ ውሃ ላይ እንደሚንጋለል ያሰበ አልነበረም። ገንዳው፣ ሣሩ፣ በየክፍሉ ያለው መታጠቢያ፣ በየቀኑ የሚቀየረው አንሶላ ሁሉ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚጠጣው። ጉድጓዱና የሰፈሩ ምንጭ ደግሞ ለካ ከመሬት በታች የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ጉልበተኛው ሲጠባ ሌላው ደረቀ። የሰፈሩ ቧንቧ መጀመሪያ እንደ ጉንፋናም አስነጠሰው፣ ቀጥሎ አሳለው፣ ከዚያ ነፍሱን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ማለት ደስ ሲለው ብቅ የሚል ቦቴ መኪና ነው።

የልብስ አጣቢዋ ጭንቀት አንድ ነበር፤ የእናቷ ጀርባ። የመተኛት ብዛት አቁስሎታል። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ገልጣ አይታ፣ "በየቀኑ ካልታጠበ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ያኔ እኔን አትጥሪኝ" ብላት ሄደች። በየቀኑ! በዚያ አገር በየቀኑ የሚታጠበው የቱሪስት ፎጣ ብቻ ነው።

ዓይኗም ፎጣው ላይ ቀረ። ሥራዋ አለቅልቆ ወደ መጭመቂያው ማሽን መክተት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መውጫዋ ላይ ሁለት ትልልቅ ፎጣ ሳትጨምቅ ከውሃው አወጣችና ሆዷና ወገቧ ላይ ጠመጠመች፤ በላዩ ላስቲክ አስራ ቀሚሷን ለበሰችበት። ቅዝቃዜው አንጀቷ ገባ። ቤቷ ስትደርስ ሳፋ ላይ ጨመቀቻቸው፤ አንድ ጀርባ የሚያጥብ ውሃ ወጣቸው። ጠዋት ፎጣዎቹን ይዛ ተመለሰች። እንዲህ እያለች ከረመች።

"እህቴ፣ ጠዋት ከስተሽ ትመጪና ማታ ወፍረሽ ትሄጃለሽ" ይላታል የበሩ ዘበኛ። "እዚህ ምን እያበሉሽ ነው?"

"ሳሙና" ትለዋለች።

ቁስሉ መድረቅ ጀመረ። ነገሩን ያበላሸው ሽታው ነው። ሆቴሉ መጨረሻ ማለቅለቂያው ላይ የአበባ ሽቶ ይጨምራል። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ አሮጊቷን ልትጠይቅ መጥታ ገና አልጋው አጠገብ እንደተቀመጠች አፍንጫዋን ነፋች።

"እትዬ፣ ዛሬማ ሙሽራ ሙሽራ ነው የሚሸቱት! ከየት አመጡት?"

የአሮጊቷ ገላ ይድከም እንጂ ምላሳቸው አልደከመም። "ሆቴሉ ሄጄ ዋኝቼ መጣሁ" አሉ። "ውሃው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል።"

ተሳሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ቀልዱን ለአንዲት ደንበኛዋ አጫወተቻት፤ ደንበኛዋ ሳቁን እዚያው ጥላ ወሬውን ብቻ ይዛ ሄደች። ወሬው ኮረብታውን ወጥቶ ከሆቴሉ ኃላፊ ጆሮ ሲደርስ አሮጊቷ መንሳፈፍ ጀምረው ነበር። ኃላፊዋም ገንዳው ያለ የሌለ ውሃው ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ እንደ አዲስ ይሞላ ብላ አዘዘች። ያን ቀን የአንድ ሰፈር ውሃ በቦይ ሲወርድ ዋለ። ቀጥላም ሠራተኛ ሁሉ ሲወጣ ይፈተሽ አለች።

ልብስ አጣቢዋ ትዕዛዙን ሳትሰማ እንደ ወትሮው ፎጣዋን ታጥቃ ወጣች፤ ተራዋ ደርሶ በሩ ላይ ስትቆም ላስቲኩ ተፈታ። እግሯ ሥር ውሃ አቆረ። ዘበኛው ሌላ ነገር መስሎት አፍሮ ፊቱን አዞረ። ኃላፊዋ ግን አላዞረችም፤ ቀሚሷን አስገለጠቻት።

"ለካ የፎጣ ሌባ ነሽ!"

"ፎጣውማ ጠዋት ይመለሳል፣ እመቤቴ። አንድ ቀን ጎድሎ ያውቃል?"

"ውሃውስ? ውሃውም ይመለሳል?"

ውሃው የእናቷን ጀርባ አጥቦ መሬት ገብቷል። በዚያው ተባረረች።

ከዚያ ጆግ ይዛ በር ለበር መዞር ሆነ። ድሮ ሰው ፍራሽ ሥር ብር ነበር የሚደብቀው፤ አሁን አልጋ ሥር ጄሪካን ይደብቃል። "የለም እኮ፣ እቴ፤ እኛም ጉሮሯችን ደርቋል" ይሏታል፣ ጄሪካኑን በተረከዛቸው ወደ ውስጥ ገፋ እያደረጉ። ልብስ ሰፊዋ አንዴ ግማሽ ጆግ ቀድታላታለች፤ እሷም "ለማንም እንዳታወሪ፣ ሰልፍ ይሆንብኛል" ብላ ነው። ከቦቴው የሚደርሳት ለመጠጥም አልበቃ። የአበባው ሽታ ጠፍቶ ሌላ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጠያቂም እግሩን ሰበሰበ። አሮጊቷ ትኩሳቱ ሲያይልባቸው፣ "ልጄ፣ ዛሬ አንዋኝም እንዴ?" ይሏታል፤ ቀልድ ይሁን ቅዠት መለየት አቃታት። ነርሷ አትጥሪኝ ብትልም ተጠርታ መጣች። ገልጣ አየች፤ መልሳ ሸፈነች። አሮጊቷ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ሬሳ መታጠብ አለበት። በሕይወት ላለ ሰው ውሃ መንፈግ በችግር ይመካኛል፤ ለሬሳ መንፈግ ግን ነውር ነው፣ ነውር ደግሞ ሰፈር ያስወራል። ስለዚህ ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ ባዶ እጁን የመጣ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ በሁለት እጇ ሁለት ጄሪካን አንጠልጥላ፣ ዳቦ ሻጩ በትከሻው ተሸክሞ፣ ባልና ሚስት አንዱን ጄሪካን በጋራ ይዘው ገቡ። ከግድግዳው እስከ በሩ ተደረደረ፤ መርገጫ ጠፋ።

ልጅቱ ከእናቷ ራስጌ ተነስታ መጣችና የአንዱን ክዳን ከፈተች። ሞልቷል። የሌላውን ከፈተች። እሱም እስከ አፉ ሞልቷል። ክዳኑን በእጇ እንደያዘች ሰዉን አንድ በአንድ አየችው።

"ይሄ ሁሉ ውሃ የት ነበር?" አለች።